ከዶቅዶቄው ኋላ የተቀመጥኩበት ክረምት

ዛሬ ከሞተር ላይ ወደቅሁ። ያውም በበረዶ ላይ ከሚነዳ ሞተር፣ ያውም በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በጨዋነቴ ምክንያት። ሰው በስካር ይወድቃል፣ በእንቅልፍ ይወድቃል፤ በጨዋነት ከሞተር የወደቀ ከእኔ ሌላ ካለ ተፈላልገን ማኅበር ብንመሠርት ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን ፍራንክፈርት ላይ በረዶው ጠንቶ ከርሟል። የልጅ ልጄ ሊያ፣ “ኦፓ፣ ጊንሃይም ሰፈርህ ተቀምጠህ ቀኑን ሙሉ ያንን የስልክ ግንብ ከታች ወደ ላይ ታያለህ። ዛሬ ከላይ ወደ ታች አሳይሃለሁ” ብላ በመኪናዋ ፌልድበርግ ተራራ አናት ላይ አወጣችኝ። ሊያ አያቷን በጀርመንኛ “ኦፓ” ከማለቷ በቀር አማርኛዋ አይታማም፤ “አንቱ” የሚባለው ነገር ብቻ እናቷ ወደዚህ አገር ስትመጣ ከሻንጣዋ ሳይወጣ ቀርቷል።

ከላይ ሆኜ ሳይ ከተማው ጉም ውስጥ ተኝቷል፤ ግንቡም መርፌ አክሏል። “ቤቴ የቱ ጋ ይሆን?” ብዬ አንገቴን ሳሰግግ እግሬ አመለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ሊያ ስልክ ደወለች። ብዙም ሳይቆይ ከነፍስ አድን ሰዎች ጎጆ አንዲት ቀይ ጃኬት የለበሰች ወጣት፣ ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላው እንደ ታንክ ሰንሰለት ያለው ሞተር እየነዳች መጣች። እንዲህ ያለውን ሞተር በዚያ ተራራ ላይ የሚነዱት እነሱ ብቻ ናቸው አሉ። በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ከኋላዋ አፈናጠጠችኝ።

“ፌስትሃልተን!” አለችኝ፣ ወገቧን በጓንቷ መታ መታ እያደረገች። አጥብቀህ ያዘኝ ማለቷ ነው።

የማላውቃትን የሰው ልጅ ወገብ? የልጅ ልጄ ቆማ እያየች? “ያ፣ ያ” ብዬ እሺታዬን ሰጠኋትና ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ብረት በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አደረግሁ። ሞተሩ ተንደረደረ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እሷ ወደ ግራ ስታዘነብል እኔ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ከዚያ እሷና ሞተሩ በግራ ሄዱ፤ እኔ በቀኝ ቀረሁ።

ልጅቷ ጎጆው በር ላይ ደርሳ “ይኸው ገባን” ለማለት ዞር ስትል ነው አሉ መንገደኛዋን ያጣችው። ስትመለስ ፊቷ በረዶውን መስሏል። ሊያ ግን መደንገጡን ቶሎ ጨርሳ ሳቁ ላይ ደርሳለች።

“ኦፓ፣ ለምን አልያዝካትም?”

“ነውር ነዋ።”

“ነውር ምንድን ነው?”

“አሁን የተኛሁበት ነገር ነው” አልኳት።

ልጅቷ ሁለተኛ ዕድል አልሰጠችኝም። ሰፊ ቀበቶ አወጣችና በእኔና በራሷ ወገብ ዙሪያ አዙራ እንደ ጭነት አሰረችን። ሞተሩን ስታስነሳ የቤንዚንና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ሊያ የምትለውንም፣ ቁርጭምጭሚቴንም ረሳሁ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ታስሬበት አውቃለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ወይም ስምንት። እናቴ የእኔን ዕድሜ የምትቆጥረው “አጃው የጠፋ ጊዜ”፣ “ላሟ የታመመች ጊዜ” እያለች ስለሆነ ማንም እርግጡን አያውቅም። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመቱ ነው። አባቴ ሞቷል። እናቴ ጋሽ ተድላ የሚባሉ የስልክ ሽቦ ጠጋኝ አገባች።

ጋሽ ተድላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ የሱፍ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ዶቅዶቄ ይነዳሉ፤ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ጉጠት ሽቦ ይቆርጣሉ። ስለዚህ እኔ እሳቸውንም ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ ዕቃውን ሲሰበስብ እሳቸውንም ይወስዳቸዋል ብዬ በትዕግሥት እጠብቅ ነበር።

ጣሊያን ቢቆይም ጋሼ አየለ መጡ። ጋሼ አየለ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ባላገር፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ። በቅሏቸውን ከደጃችን አስረው እንኳን ሳይጨርሱ ንግግሩን ጀመሩት።

“የወንድሜ ልጅ በሽቦ ጠጋኝ ቤት አያድግም! የአባቱ መሬት አለ፣ የአባቱ ወገን አለ። ይህችን የብረት ፍየል እየጎተተ ነው ሰው የሚሆነው?” የብረት ፍየል የሚሉት ዶቅዶቄውን ነው።

ጋሽ ተድላ ዶቅዶቄውን መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ግራዝማች ወልዴ ዘንድ ደረሰ። ግራዝማች ሁለቱንም ወገን ሰምተው፣ “ክረምቱ ይውጣ” አሉ። “ከመስቀል በኋላ ልጁን ራሱን እንጠይቃለን። የመረጠው ቤት ይኖራል።” እናቴ ይህን ስትሰማ መቀመጫ ፈለገች። በእኔ አፍ የእሷ ዕጣ ሊወሰን ነው፤ እኔ ደግሞ አፌን ለምን ለምን እንደማውለው ታውቃለች።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ የማንን ቤት እንደምመርጥ የቆረጥኩት ያንኑ ቀን ነው። ጋሼ አየለ ወደ ጥግ ወሰዱኝና ጆሮዬ ውስጥ፣ “ይህች በቅሎዬ ስትወልድ ግልገሏ ያንተ ናት” አሉኝ። ከዚያም ከኋላቸው አፈናጥጠው በሬሳ የሚባለው ወንዝ ዳር ድረስ ወሰዱኝ። ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ ወደ ገደሉ ስታጋድል፣ “አንተ ወደ ዳገቱ ዘንበል! ሁልጊዜ ከእንስሳዋ በተቃራኒ! ሚዛን የሚጠብቀው ተፈናጣጩ ነው!” ይሉኛል። ተማርኩ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። የበቅሎዋን ግልገል ስም እንኳን አውጥቼላታለሁ፤ ሻሼ ብያታለሁ።

በቅሎ እንደማትወልድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እናቴም የራሷ ዘዴ ነበራት። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም። አንድ ማለዳ ጋሽ ተድላን፣ “ይህን ልጅ ይዘውት ይውጡ። አብሮ መዋል ነው የሚያላምድ” አለቻቸው። እሳቸውም ካሰቡ በኋላ፣ “ዝናብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እኔ መንገድ መንገዱን ሳይ ሽቦው ያመልጠኛል። የሚያይልኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው” አሉ። ለእኔ አይደለም የነገሩት፤ ለዶቅዶቄው ጎማ ነው የነገሩት። ግን ሰማሁ።

እናቴ ከወገቧ መቀነቷን ፈታች። ከጋሽ ተድላ ኋላ አስቀምጣኝ መቀነቱን በሁለታችን ዙሪያ ዞር ዞር አድርጋ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። አፍንጫዬ ካፖርታቸው ውስጥ ገባ። ቤንዚንና እርጥብ ሱፍ።

እኔ ይህን መታሰር በሌላ ነው የተረጎምኩት። ግራዝማች ወልዴ ግቢ ቁራኛ አይቻለሁ፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳያመልጡ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አንዱ ውኃ ሲጠጣ ሌላውን እየጎተተ፣ ዳኛ እስኪፈርድ አብረው ይውላሉ። “አሃ” አልኩ በሆዴ፤ “እኔና እኚህ ሰውዬ ተካስሰናል። እስከ መስቀል ቁራኛ ሆነናል ማለት ነው።” ግራ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሳሹ እኔ ነኝ፣ እሳቸው? ቀኑን ሙሉ ከጀርባቸው ላይ ምልክት ፈለግሁ። ጀርባቸው ምንም አይናገርም፤ አፋቸውም ያው ነው።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ከደብረ ብርሃን ተነስተን የስልኩን እንጨት ተከትለን ወደ ጣርማ በር እንሄዳለን። እሳቸው ጭቃውን ያያሉ፤ እኔ አንገቴን ወደ ላይ ቀልብሼ ሽቦውንና ሲኒዎቹን አያለሁ። ሲኒ የምንላቸው እንጨቱ ላይ የተሰቀሉትን፣ ሽቦው የሚታሰርባቸውን ነጫጭ ሸክላዎች ነው። የተሰነጠቀ ወይም የተሰበረ ካየሁ ካፖርታቸውን ጎተት አደርጋለሁ። ይቆማሉ። እግራቸው ላይ የሚነክስ ብረት አስረው እንደ ጦጣ እንጨቱ ላይ ይወጣሉ። እኔ ከታች ሆኜ መሣሪያ በገመድ አቀብላለሁ።

ሲኒዎቹ ለምን እንደተሰቀሉ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ግልጽ ነዋ! ወሬው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ይጠማዋል። የተሰበረ ሲኒ ካለ ወሬው እዚያ ጋ ሳይጠጣ ያልፋል፣ ደክሞት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሥራዬን ቀላል ሥራ አድርጌ አላየሁትም። ደሴ ላይ የሆነ ሰው “ሃሎ” ብሎ ሲጠብቅ በእኔ ዓይን ላይ ነው ያለው።

ይህን ያህል ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ ታስሮ አይሄድም። ሳምንት እንኳን ሳይሞላ መቀነቱ ላይ አመፅሁ።

“ልጆች ይስቁብኛል” አልኩ።

ጋሽ ተድላ መቀነቱን ፈትተው በጥንቃቄ አጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። “እንግዲያው ያዘኝ” አሉ።

አልያዝኳቸውም። ሰው የተካሰሰውን ሰው አያቅፍም። ከመቀመጫዬ ኋላ ያለውን የዕቃ ብረት ያዝኩ። እሳቸው አይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ ብለው መንዳት ጀመሩ። አህያ የጫኑ ሴቶች ሳይቀሩ ይቀድሙን ነበር።

ብቻ መታጠፊያ ላይ ተቸገርን። እሳቸው ወደ ታጠፍንበት ሲያዘነብሉ እኔ፣ የጋሼ አየለ ተማሪ፣ በተቃራኒው አዘነብላለሁ። ዶቅዶቄው ግራ ይገባዋል፤ አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ እኔ እያለ ይዋልላል።

“እኔ ወደዘነበልኩበት ዘንበል በል” ይሉኛል።

“እሺ” እላለሁ። አላደርገውም። እንዲህ ያለ ሰውዬ፣ እያጋደለ የሚነዳ፣ ሚዛን የሚጠብቅለት ሰው ካልኖረ ገደል መግባቱ ነው። እኔ በተቃራኒው ባላዘነብል ኖሮ ያን ክረምት ሁለታችንም እንሞት ነበር ብዬ ከልቤ አምን ነበር። በሕይወት ያሉት በእኔ ነው፤ ምስጋና ግን የለም።

ቀን ቀን ጉም ሲወርድ ጣርማ በር አጠገብ ቆመን ቆሎ እንበላ ነበር። ቆሎው ከካፖርታቸው ኪስ ስለሚወጣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ገብሱን ለእኔ፣ ሽምብራውን ለራሳቸው ይለያሉ። በኋላ ነው የሚወዱት ገብሱን እንደነበር የሰማሁት። አንድ ቀን እንዲህ እየበላን፣ ሲከነክነኝ የከረመውን ነገር አነሳሁ።

“በቅሎ እስክትወልድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

ጋሽ ተድላ ቆሎ ማኘካቸውን አቆሙ። ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ ጉሙ።

“የማን በቅሎ?”

“የጋሼ አየለ። ግልገሏን ለእኔ ሰጥተውኛል። ከመስቀል በኋላ እዚያ ስሄድ።”

አሁን ሳስበው፣ የዚያን ክረምት ሙግት በአንዲት ቃል ማሸነፍ ይችሉ ነበር። “በቅሎ አትወልድም፤ አጎትህ አታለለህ” ቢሉ አለቀ፤ ጋሼ አየለን ዳግመኛ አላምናቸውም ነበር። ጋሽ ተድላ ግን ሽምብራ አነሱ፣ አሹት፣ እፍ አሉት።

“በቅሎ ትቆያለች” አሉ። “ትዕግሥት ትፈልጋለች።”

“ከላም ትበልጣለች?”

“ከላምም ትበልጣለች።”

በሬድዮ የሰማሁት ያህል አመንኳቸው። ስለ በቅሎ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው እንኳን ትንሽ ከበሬታ ጨመረላቸው።

ነሐሴ እያለቀ ሲሄድ አንድ ቅዳሜ ሜዳው መካከል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ይወርድብን ጀመር። ባቄላ ባቄላ ያክላል። ጋሽ ተድላ ዶቅዶቄውን አቁመው ካፖርታቸውን በአንድ ወገን ከፍተው ያዙልኝ፤ ግባ ማለታቸው ነው። አልገባሁም። የመሣሪያውን ከረጢት ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ቆምኩ። እሳቸውም ካፖርቱን ሳይዘጉት ቆሙ። እንዲህ አድርገን ሁለት ሞኞች ተቀጠቀጥን። ሲያባራ አገሩ ሁሉ የተፈለቀቀ ጥጥ የፈሰሰበት መስሏል። መንገዱና ሜዳው አይለይም። እንጨቶቹ ብቻ ጥቁር ጥቁር ብለው ቆመዋል።

“ቀስ ብለን እንሄዳለን” አሉ። “ዛሬ ግን ያዘኝ።”

ብረቱን ያዝኩ። ብረቱ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ዶቅዶቄው በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሄደ። አንዲት ትንሽ መታጠፊያ ደረስን። እሳቸው ወደ ግራ አዘነበሉ። እኔ ወደ ቀኝ።

አወዳደቄ አልተሰማኝም፤ ዝምታው ነው የተሰማኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። እግሬ ከበታቼ ተጣጥፏል። የዶቅዶቄው ድምፅ ዱቅ ዱቅ ዱቅ እያለ ይርቃል፤ ይቀጥናል። ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። አሁን ተገላገሉኝ። መስቀልም መድረስ አያስፈልግ፣ ግራዝማችም መጠየቅ አያስፈልጋቸው። ከኋላቸው እንደሌለሁ ቢያውቁም ባያውቁም ዞረው የሚያዩበት ምክንያት የላቸውም። እኔ ብሆን፣ በቁራኛ የታሰርኩት ሰው በራሱ ጊዜ ቢወድቅልኝ፣ ዞሬ አላይም። እዚያው ሆኜ ሽቦውን ማየት ጀመርኩ። ሌላ የማየው አልነበረም።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ትንሽ ቆየና አንድ ነገር በጭቃና በበረዶ ሲንቧቸር ሰማሁ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ጋሽ ተድላ እየሮጡ ነው። ጋሽ ተድላ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ካፖርታቸው እንደ ክንፍ ተከፍቶ፣ ወድቀው፣ ተነስተው፣ እንደገና ወድቀው። ዶቅዶቄውን የወረወሩበት ቦታ ላይ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ያ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚጠርጉት ዶቅዶቄ!

ደርሰው ተንበረከኩ። ጭንቅላቴን፣ እጄን፣ እግሬን ዳሰሱ። እግሬን ሲነኩት ጮህኩ። መጮሄን ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

“አንተ ልጅ” አሉ፤ “ማን ውረድ አለህ? ሥራ መች ጨረስን?”

ዶቅዶቄው አልነሳ አለ። እየደጋገሙ ቢረግጡትም አልሆነም። ስለዚህ ከኪሳቸው የእናቴን መቀነት አወጡና ጀርባቸው ላይ አዘሉኝ። አዎ፣ አዘሉኝ፤ እንደ ሴት። ያን ጊዜ ወንድ በትከሻው ይሸከማል እንጂ በመቀነት አያዝልም። ያውም በገበያ ቀን፣ ያውም ዶቅዶቄ ያለው የተከበረ የመንግሥት ሠራተኛ። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ ገበያውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ ያየችን ጌሾ የምትሸጥ ሴት ናት።

“ኧረ እናንተ! የስልኩ ሰውዬ ወለዱ!”

“እልል በሉ እንጂ!” አለች ሌላዋ።

“ወንድ ነው ሴት?”

“ወንድ ነው” አሉ ጋሽ ተድላ፣ እርምጃቸውን ሳያቆሙ። “ጥርሱን አብቅሎ ስለመጣ ነው ምጡ የበረታብኝ።”

ገበያው በሙሉ ፈነዳ። እልልታው ከጌሾ ተራ እስከ ጨው ተራ ተከተለን። ጋሽ ተድላ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሰማ ሰው አልነበረም። እኔ በኀፍረት ፊቴን ካፖርታቸው ውስጥ ቀበርኩ። ለመደበቅ ብዬ ነው አንገታቸውን ያቀፍኩት። ቤት እስክንደርስ ግን አልለቀቅሁም፤ የሚያየን ሰው ካለቀ በኋላም።

ወጌሻ እግሬን አሽቶ በቀርከሃ አሰረው። ከመስቀል በፊት እያነከስኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ወገባቸውን ነው የምይዘው። ዘንበል ሲሉም ዘንበል እላለሁ፤ የሚገርመው ነገር ገደል አልገባንም።

መስቀል አለፈ። ግራዝማች ወልዴ ግቢ ተሰበሰብን። ጋሼ አየለ በነጭ ልብስ፣ በቅሏቸው በሙሉ ጌጧ። ከኮርቻው ኋላ ለእኔ መቀመጫ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተጭኗል። እናቴ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ጋሽ ተድላ ጥግ ላይ ናቸው፤ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

“የወንድሜ አጥንት ነው” አሉ ጋሼ አየለ። በዚያ ቀን ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። “ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የሱን ፊት የማይበት ሌላ ቦታ የለኝም። እግሩን ሰብረው እንኳን ዝም አልኩ።”

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ልጅ፣ ማንም አያስፈራህ። ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?”

መልሴን ተለማምጄዋለሁ። ሻሼን አስቤያታለሁ፤ ነጭ ግንባሯን፣ የምትበላውን ገብስ፣ የምትተኛበትን ሁሉ። አፌን ከፈትኩ። ከአጥሩ በላይ የስልኩ ሽቦ ይታያል፤ እንደ ልማዴ ዓይኔ እየተከተለው ሄደ።

“እኔ ሥራ አለብኝ” አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም። “የምን ሥራ?”

“ሲኒ አያለሁ። እሳቸው መንገዱን ነው የሚያዩት። እኔ ከሄድኩ ማን ያያል? ደሴ ያለው ሰውዬስ?”

ደሴ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ማንም አልገባውም። ግራዝማች ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ ጥጉ አዩ። “አቶ ተድላ፣ ባለፈው ክረምት ይህ ልጅ አልነበረህም። ካቻምናም አልነበረህም። ማን ነበር የሚያይልህ?”

ይህ ጥያቄ ለእኔ ሰምቼው የማላውቅ ነገር ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሽቦው እዚያ እንደነበረ፣ ሰውዬውም ብቻቸውን ሲጠግኑት እንደኖሩ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። በጉም ውስጥ ስንጥቅ የሚያዩ ሰው ናቸው። ጆሮዬ ጋለ። ወደ እሳቸው አየሁ፤ ሁሉም አየ።

ጋሽ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ባለፈው ክረምት” አሉ፣ “ብዙ ሲኒ አምልጦኛል፣ ጌታዬ።”

ግራዝማች ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ፣ “የመንግሥት ሥራ ካለበትማ ልጁ ይቆይ” አሉና ተነሱ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሙሉ በሙሉ ጣለችው።

ሰው ሲበተን ጋሼ አየለ ከበቅሏቸው አጠገብ ሆነው ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። አልተቆጡም። ለእኔ የተጫነውን ብርድ ልብስ ያስተካክላሉ፤ ሳይነካ ተስተካክሎ ያለውን።

“ግልገሏ ቀረችብኝ?” አልኳቸው።

“ስትወልድ አመጣልሃለሁ” አሉ፤ ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም። ከዚያ ዶቅዶቄው ወደ ቆመበት አጥር አዩ። ዙሪያቸውን ቃኙ። ቀረብ ብለው መቀመጫውን በአንድ ጣት ጫን ጫን አደረጉት።

“ሲሄድ ሆድ ያማል ይባላል። እውነት ነው?”

“አያምም። ዳገት ላይ ብቻ ይነዝራል።”

“ይነዝራል!” አሉ በአድናቆት። “ንፋሱስ?”

“ንፋሱ አፍ ውስጥ ይገባል። ዓይን ያስለቅሳል።”

ጢማቸውን ጎተቱ። ቀና ብለው ጋሽ ተድላ ሩቅ መሆናቸውን አረጋገጡና ጎንበስ አሉልኝ።

“ስታድግ ይህን ነገር ትነዳለህ አይደል?”

“እነዳለሁ።”

“እንግዲያው አንድ ቀን ከኋላህ ታፈናጥጠኛለህ። ከሳቸው ኋላማ አልቀመጥም፤ ሞቼ ነው ቆሜ! ካንተ ኋላ ከሆነ ግን ከራሴ ሰው ኋላ ነው።”

“እስከ የት ልውሰድዎ ጋሼ?”

ሰፊ አገር እንደሰጠኋቸው ሁሉ አሰቡበት። “እስከ በሬሳ ወንዝ ድልድይ ይበቃኛል። ለማንም እንዳትናገር።”

“እሺ ጋሼ።”

በቅሏቸው ላይ ወጡና ከኋላቸው ማንም ሳይቀመጥ ሄዱ። እኔም እነዳለሁ እንዳልኩት ነጂ ሳልሆን፣ ዕድሜዬን በሙሉ ከሰው ኋላ ተፈናጥጬ አረጀሁ። ጋሼ አየለም ነገሩን አንድም ቀን ሳያነሱብኝ አለፉ። እስከ በሬሳ ድልድይ፣ መሄጃ ብቻ፣ እስከ ዛሬ ዕዳ አለብኝ።